አይቼና ወድጄ

«መኪናውን አይቼና ወድጄ፣ ባለበት ሁኔታ ገዝቻለሁ።»

ያገለገለ መኪና የገዛ ወይም የሸጠ የከተማችን ሰው ይህችን ዐረፍተ ነገር ሳያውቃት አይቀርም። በውሉ ላይ ቦታዋ ከዋጋው በታች፣ ከምስክሮቹ ስም በላይ ነው። ጸሐፊው ሳያስብባት ይጽፋታል፤ ገዥው ስለ ገንዘቡና ስለ ሊብሬው እያሰበ ሳያነባት ይፈርምባታል። ሻጩ ግን በሆዱ የያዘው ነገር ካለ ቀስ ብሎ፣ ሁለት ጊዜ ያነባታል። እኔ ሁለት ጊዜ አንብቤያታለሁ። ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያደረገኝም ያ ሁለተኛው ንባብ ነው።

ነገሩ የሆነው በ2009 ዓ.ም. ነው። አባቴ ካረፈ ዓመት ሊሞላው ተቃርቦ ነበር። ከተወልን ንብረት ውስጥ በግቢያችን ጥግ፣ ከቆርቆሮ ዳስ ሥር የቆመች አንዲት ቮልስዋገን ነበረች፤ ነጭ የነበረች፣ ዕድሜ ያጠየማት፣ እኔና እህቴ ከመወለዳችን በፊት የተገዛች። የሰፈሩ ልጆች አባቴ መምጣቱን የሚያውቁት ገና ከማዶ፣ በቮልሷ ድምፅ ነበር። ከእርሱ በኋላ የሚነዳት ጠፋ። እኔ መንጃ ፈቃድ አልነበረኝም፤ እህቴም እንደዚሁ። የሕክምናውና የተዝካሩ ወጪ ደግሞ ዕዳ ትቶብናል። ስለዚህ «ትሸጥ» ተባለ፤ ሻጭነቱም ለእኔ ደረሰ።

ቮልስ ይዞ የሚያውቅ አንባቢ አንድ ነገር ያስታውስ ይሆናል። የቮልስ ባትሪ እንደ ሌሎች መኪናዎች ከሞተሩ አጠገብ አይቀመጥም፤ ያለው ከኋላ መቀመጫ ሥር፣ በስተቀኝ በኩል ነው። ከባትሪው የሚያፈተልከው አሲድና በበርና በመስኮት ጎማ በኩል የሚሰርገው ውኃ ዓመታት ሲቆጠሩ የወለሉን ላሜራ ይበሉታል። የእኛዋም ተበልታ ነበር። አባቴ አንድ ክረምት ላይ ወለሉ እንደ ወንፊት ሆኖ ሲያገኘው ጣውላ ቆርጦ ከባትሪው ሥር አነጠፈ፤ ጠርዙን በሬንጅ ለቀለቀው፤ ምንጣፉን መልሶ አለበሰው። «ገንዘብ ሲገኝ በደንብ ይበየዳል» አለ። ገንዘቡ አልተገኘም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ግን ማንም ሰው ከኋላ በስተቀኝ እንዲቀመጥ አይፈቅድም ነበር። እኛን ልጆቹን «በግራ! በግራ!» ይለናል፤ እንግዳ ሲሆን ደግሞ «በዚህ በኩል ይመችዎታል» እያለ ራሱ በር ይከፍታል። እህቴ ሕጉን እንጂ ምክንያቱን አታውቅም ነበር። ምክንያቱን የምናውቀው እናቴና እኔ ብቻ ነበርን።

ደላላ አላስገባንም። መስተዋቷ ላይ «የሚሸጥ» የሚል ወረቀት ለጠፍንና በሩን ከፈት አድርገን ተውነው። ከብዙ ጠያቂዎች በኋላ አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር መጡ። ወደ አርባዎቹ አጋማሽ የሚጠጉ፣ ረጋ ያሉ ሰው ናቸው። ሰባት ዓመት የሚሆናትን ልጃቸውን አስከትለዋል። ስለ ሞተር ያውቃሉ፤ የኋላውን ክዳን ከፍተው አዳመጡ፣ ካንዴላውን ነቅለው አዩ፣ ፍሬኗን ሞከሩ፣ መሪዋን አወዛወዙ። እርሳቸው ከሞተሩ ጋር ሲነጋገሩ ልጅቱ በሩን ከፍታ ከኋላ ገባችና ተቀመጠች። በቀኝ በኩል።

አፌን ከፈትኩ። እናቴን አየኋት። እናቴ በረንዳው ላይ ቆማ መሬት መሬት ታያለች።

«እንደ ልጅ ነው የያዟት ይባላል» አሉ መምህሩ፣ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ።

«አዎ» አልኩ፤ «እንደ ልጅ ነው የያዛት።»

በ65,000 ብር ተስማማን። በማግስቱ ውልና ማስረጃ ሄደን ፈረምን። «አይቼና ወድጄ።»

* * *

እንግዲህ እዚህ ላይ ቆም ብለን እንጠይቅ። ዋሽቻለሁን?

አንዲት ቃል እንኳ አልዋሸሁም። አባቴ ያችን መኪና በእርግጥ እንደ ልጅ ነው የያዛት። ስለ ወለሉ አልተጠየቅሁም። ተጠይቄ «ደህና ነው» አላልኩም። መምህሩ ምንጣፉን ልግለጠው ቢሉ አልከለክልም ነበር። በፍርድ ቤት ቆሜ «ምን አልክ?» ብባል፣ ያልኩት ሁሉ እውነት ነው። ይሁንና ሌሊቱን አልተኛሁም። ሰው እውነት ተናግሮ እንቅልፍ ሲያጣ፣ እውነቱን ለምን እንደ ተናገረ ራሱን ቢጠይቅ ይሻላል። እኔ «አዎ፣ እንደ ልጅ» ያልኩት ስለ አባቴ ለመመስከር አልነበረም፤ የመምህሩ ዐይን ወደ ምንጣፉ እንዳይሄድ ነበር።

ጥያቄው አዲስ አይደለም። ሮማዊው ሲሴሮ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ44 ዓመት፣ አቴና ይማር ለነበረው ልጁ ስለ ሰው ግዴታዎች በጻፈው መጽሐፍ ሦስተኛ ክፍል ላይ ልክ ይህን ነገር ያነሳል። ሁለት ፈላስፎችንም ያከራክራል። ሁለቱም የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ «ኢስጦኢኮች» ከሚላቸው ወገን ናቸው። አንዱ የባቢሎኑ ዲዮጋንስ ነው፤ በርሜል ውስጥ ይኖር ነበር የሚባለው ዲዮጋንስ አይደለም። ሁለተኛው ተማሪው አንቲጳጥሮስ ነው።

አንድ ሰው ቤቱን ሊሸጥ ነው እንበል፣ ይላል ሲሴሮ። ቤቱ ለጤና አይስማማም፤ በየመኝታ ክፍሉ እባብ ይታያል፤ እንጨቱ ነቅዟል። ይህን ከባለቤቱ በቀር የሚያውቅ የለም። ሰውየው ዝም ብሎ በጥሩ ዋጋ ቢሸጠው ግፍ ሠራ ወይስ አልሠራም?

«ሠራ እንጂ!» ይላል አንቲጳጥሮስ። መንገድ ለጠፋበት ሰው መንገድ አለማሳየት በአቴና የሚያስረግም ነገር ነው፤ ይህ ደግሞ ከዚያ ይብሳል፤ ሌላውን ዐውቆ ወደ ጥፋት መምራት ነውና።

ዲዮጋንስም ይመልሳል፦ ግዛኝ ብሎ ያስገደደህ አለን? እንዲያውም አልለመነህም። እርሱ ያልወደደውን ሸጠ፤ አንተ የወደድከውን ገዛህ። «ያማረና በደንብ የተሠራ ቤት» ብለው የሚያስለፍፉ ሰዎች፣ ቤቱ ያላማረና በደንብ ያልተሠራ ቢሆን እንኳ አታላይ አይባሉም፤ ታዲያ ጭራሹን ያላሞገሰው እንዴት አታላይ ይባላል? ገዥው የመመርመር መብት እያለው የሻጩ ማታለል ምኑ ላይ ነው? ደግሞስ ለፋፊ አደባባይ ቆሞ «የበሽታ ቤት የሚሸጥ!» ብሎ ቢጮህ ከዚህ የበለጠ ምን የሚያስቅ ነገር አለ?

አንባቢዬ፣ ይህ የዲዮጋንስ ንግግር ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ የቆየ አይመስልም። መኪና በሚሸጥበት ሰፈር ሁሉ ዛሬም ይሰማል። «አይቼና ወድጄ» ማለት ዲዮጋንስ ማለት ነው። «አይቼ» የመመርመር መብቱ ነው፤ «ወድጄ» ማንም ያላስገደደው መሆኑ ነው፤ «ባለበት ሁኔታ» ደግሞ ከእንግዲህ አትምጣብኝ ማለት ነው።

ሲሴሮ ራሱ የፈረደው ለአንቲጳጥሮስ ነው። ምክንያቱንም ሲገልጽ፣ ዝም ማለት ሁሉ መደበቅ አይደለም፤ መደበቅ የሚባለው አንተ የምታውቀውን ነገር፣ ማወቁ የሚጠቅመው ሰው እንዳያውቀው ለራስህ ትርፍ ስትል የፈለግህ እንደሆነ ነው ይላል። የቀማኛ፣ የተንኮለኛ ሰው ጠባይ እንጂ የደግ ሰው ጠባይ አይደለም ብሎም ይጨምራል። እኔን ያስተኛኝ ይህ አልነበረም።

* * *

ጭንቀቴን ለጓደኞቼ ባጫውታቸው ሳቁብኝ። ሦስት ዓይነት ማጽናኛም ሰጡኝ። ሦስቱም በየቀኑ የምንሰማቸው ስለ ሆኑ አንድ በአንድ ማየት ይገባል።

የመጀመሪያው፣ «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚለው ነው። ሰውየው ሕፃን አይደሉም፤ ጋራዥ ወስደው ማስመርመር ይችሉ ነበር። ይህ አባባል ለገዥ የተሰጠ ምክር ሲሆን መልካም ነው። አባት ልጁን ወደ ገበያ ሲልክ ቢነግረው የሚያስመሰግን ነው። ሻጭ ለራሱ ሲለው ግን ትርጉሙ ይገለበጣል። «በርህን ዝጋ፣ ሌባ አለ» ብሎ ጎረቤት ይመክራል። ሌባው ራሱ «በሩን ለምን አልዘጋም?» ቢል ግን ማን ይቀበለዋል? የሰው አለመጠርጠር ለእኔ ፈቃድ ሊሆነኝ አይችልም።

ሕጉም ቢሆን በዚህ ረገድ ከጓደኞቼ ጋር አይስማማም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን የሸጠው ዕቃ ጉድለት የሌለበት ለመሆኑ ሻጭን ዋስ ያደርገዋል። ገዥው ጉድለቱን እያወቀ ከገዛ ወይም ጉድለቱ ግልጽ ሆኖ የሚታይ ከሆነ ሻጩ አይጠየቅም። ተዋዋዮቹ ተስማምተው ይህን ዋስትና ሊቀንሱት ወይም ሊያስቀሩት ይችላሉ፤ «ባለበት ሁኔታ» የምትለዋ ቃል ጉልበቷን የምታገኘው ከዚህ ነው። ነገር ግን ሻጩ ጉድለቱን እያወቀ ሆን ብሎ ደብቆ ከሆነ፣ ያ ስምምነት አያድነውም። የምንጣፍ ሥር ጣውላ የትኛው እንደሆነ መፍረዱን ለአንባቢ ልተወው።

ሁለተኛው ማጽናኛ ትንሽ ረቀቅ ይላል። «ሁሉም እንዲህ ያደርጋል፤ ገዥውም ይህን ያውቃል፤ ስለዚህ ዋጋውን ሲደራደር የተደበቀውንም ገምቶ ነው የሚቀንሰው። ስትናገር ግን ሁለት ጊዜ ይቀንስብሃል። አንዱን ጉድለት ነገርከው ማለት ሦስት ደብቀሃል ብሎ ያስባል።» ይህ እውነትነት አለው፤ አልክድም። ሐቀኛ ሻጭ በገበያችን ሁለት ጊዜ የሚከፍል ሰው ነው።

ግን ይህንኑ ሐሳብ እስከ መጨረሻው ብንከተለው ወዴት ያደርሰናል? ጆርጅ አከርሎፍ የተባለው አሜሪካዊ የምጣኔ ሀብት ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመው ዝነኛ ጽሑፉ የተከተለው ይህንኑ ነው። ምሳሌ አድርጎ የወሰደውም ያገለገለ መኪና ገበያን ነው። አካሄዱ እንዲህ ነው። ገዥ ደህናውን መኪና ከብልሹው መለየት ካልቻለ ለሁሉም አማካይ ዋጋ ነው የሚሰጠው። በአማካይ ዋጋ መሸጥ ደግሞ ብልሹ መኪና ላለው ሠርግና ምላሽ ነው፤ ደህና መኪና ላለው ግን ኪሳራ ነው። ስለዚህ ደህና መኪና ያለው አልሸጥም ብሎ ከገበያው ይወጣል። እርሱ ሲወጣ በገበያው ያለው መኪና ከቀድሞው የባሰ ይሆናል፤ ገዥም ይህን ሲረዳ ዋጋውን ደግሞ ይቀንሳል፤ ከቀሩት መካከል የተሻለ መኪና ያለውም ይወጣል። እንዲህ እንዲህ እያለ ገበያው ለብልሹዎቹ ብቻ ይቀራል፤ አልያም ጨርሶ ይዘጋል። አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ2001 ከሌሎች ሁለት ሊቃውንት ጋር የኖቤል ሽልማት ያገኘው እንዲህ ባለው ምርምሩ ነው።

ይህን ካነበብኩ በኋላ አንድ ነገር ተገለጠልኝ። እስከዚያ ድረስ በእኔ ዝምታ የሚጎዱት መምህሩ ብቻ ይመስሉኝ ነበር። ለካ ሌላም ተጎጂ አለ፤ በሌላ ሰፈር፣ በሌላ ግቢ፣ ወለሏ በደንብ የተበየደ ቮልስ ያለው ሰው። እርሱ «መኪናዬ ደህና ናት» ሲል የሚያምነው የጠፋው በእኔና በመሰሎቼ ምክንያት ነው። እያንዳንዱ ዝም ያለ ሻጭ ከሚናገረው ሻጭ ቃል ላይ ትንሽ ትንሽ ይሰርቃል። «ሁሉም እንዲህ ያደርጋል» የሚለው አባባል እንግዲህ ሰበብ አይደለም፤ የጥፋቱ ዝርዝር ነው።

ሦስተኛው ማጽናኛ፣ «ታዲያ ሁሉንም ልንገር ካልክ የት ላይ ልትቆም ነው?» የሚለው ነው። ከሦስቱ ያከበርኩት ይህንን ነው። በእርግጥ ሻጭ ሁሉን መናገር አለበትን? ዕዳ አለብን ብዬ ለመምህሩ መንገር ነበረብኝ? 55,000 ብር ቢሉኝም እሸጥ እንደነበርስ? ነገ ከነገ ወዲያ የመኪና ዋጋ ይወርዳል ብዬ ጠርጥሬ ቢሆንስ?

ሲሴሮ በዚሁ መጽሐፉ ሌላ ምሳሌ ያነሳል። ሮድስ በምትባለው ደሴት ረኃብ ገብቷል። አንድ ነጋዴ ከእስክንድርያ እህል ጭኖ ደረሰ። ከኋላው ብዙ የእህል መርከቦች እየመጡ መሆናቸውን በመንገድ ላይ አይቷል። ይንገራቸው ወይስ ዝም ብሎ በውድ ይሽጥ? ሲሴሮ ይንገራቸው ይላል። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተነሣው ቶማስ አኲናስ ግን ይህንን ከዕቃ ጉድለት ይለየዋል። ነጋዴው ቢነግራቸው የበለጠ ደግነት ነው፤ ባይነግራቸውም ዕቃውን በጊዜው ዋጋ ሸጠ እንጂ ፍትሕን አላፈረሰም ይላል። የተሸሸገ የዕቃ ጉድለት ሲሆን ግን፣ በተለይ አደጋ ወይም ጉዳት የሚያመጣ ከሆነ፣ ሻጭ መናገር ግዴታው ነው።

እኔም ከብዙ ማሰላሰል በኋላ ልዩነቱን በራሴ መንገድ እንዲህ ተረዳሁት። ሻጭ ሁለት ዓይነት ምስጢር አለው። አንዱ የራሱ ምስጢር ነው፤ ዕዳው፣ ችኮላው፣ የመጨረሻ ዋጋው። ሌላው የዕቃው ምስጢር ነው፤ ጣውላው፣ ስቱኮው፣ የተገጨው ጎን። የራሴ ምስጢር ከሽያጩ በኋላም ከእኔ ጋር ወደ ቤቴ ይመለሳል። የዕቃው ምስጢር ግን ከዕቃው ጋር ይሄዳል፤ ወይም መሄድ ነበረበት። መኪናዋን ከሸጥኩ በኋላ ያ ጣውላ መኖሩን ማወቄ ለእኔ ምን ይጠቅመኛል? ምንም። ለመምህሩ ግን ያ እውቀት ከሊብሬው ባልተናነሰ ያስፈልጋቸዋል። እኔ ለራሴ የማይጠቅመኝን፣ ለእርሳቸው የግድ የሆነውን ነገር አስቀርቼ ነው የተለየኋቸው። ቁልፏን ሰጥቼ መክፈቻዋን እንዳስቀረሁ ማለት ነው።

ይህ መለያ ቀላል ነው፤ ፈላስፋ መሆንም አይጠይቅም። ሙስሊም ወገኖቻችን በሚያውቁት ትውፊት ነቢዩ መሐመድ በገበያ ሲያልፉ እጃቸውን በእህል ክምር ውስጥ ቢከቱ ሥሩ እርጥብ ሆኖ አገኙት። ሻጩም ዝናብ መቶት ነው ቢላቸው፣ ታዲያ ሰው እንዲያየው እርጥቡን ከላይ ለምን አላደረግከውም ብለው ገሠጹት። እህሉን አትሽጥ አላሉትም። ዋጋ ቀንስም አላሉትም። እርጥቡን ወደ ላይ አውጣው ነው ያሉት። የእኔም ግዴታ ይኸው ብቻ ነበር፤ ምንጣፉን መግለጥ።

* * *

በሦስተኛው ሳምንት፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ መምህሩ በራችንን አንኳኩ። በመስኮት ሳያቸው ልቤ ድንግጥ አለ። ወዲያውም «አይተው ወድደው ፈርመዋል እኮ» የሚለውን ቃል በአፌ አዘጋጀሁ። እንግዲህ ሰው መከላከያውን ቀድሞ ማዘጋጀቱ ምን ማለት እንደሆነ አንባቢ ይረዳዋል።

ቡና ቀረበላቸው፤ ጠጡ። ከዚያም እንደ ዋዛ፣ ልጃቸው ከኋላ ስትዘል ምንጣፉ ጎድጎድ እንዳለባት፣ ጋራዥ ወስደው ሲገልጡት ጣውላውን እንዳገኙት፣ ወለሉን አስቆርጠው አዲስ ላሜራ እንዳስበየዱበት ነገሩን። 6,000 ብር ፈጅቶባቸዋል። «ጣውላዋን ግን በሚገባ ነው የቆረጧት» አሉ፤ «አባትህ እጀ ብልህ ነበሩ።» ክስ የሚመስል ነገር ከአፋቸው አልወጣም።

ቀጥለውም ከኮታቸው ኪስ የታጠፈ ወረቀት አወጡና ለእናቴ ሰጧት። ውስጡ አንዲት የወርቅ ጉትቻ ነበረች። ከጣውላውና ከምንጣፉ መካከል ተወሽቃ ነው ያገኟት።

ስለዚያች ጉትቻ መናገር አለብኝ። አያቴ ለእህቴ የሰጠቻት ነበረች። በ1992 ዓ.ም. ከፋሲካ በኋላ፣ ከሠርግ በተመለስን ማግስት፣ አንደኛዋ ጠፋች። በዚያን ጊዜ ከገጠር የመጣች፣ ዕድሜዋ ከአሥራ ስድስት የማይበልጥ ሠራተኛ ነበረችን። ሣጥኗ ተፈተሸ፤ ምንም አልተገኘም። አለመገኘቱ ራሱ «ተንኮለኛ ናት» ተብሎ ተቆጠረባት። በሁለተኛው ቀን የወሩን ደሞዝ ሳታገኝ ወጣች። ደጃፋችን ላይ ቆማ እያለቀሰች የማለችውን መሐላ ዛሬም አስታውሰዋለሁ። ከጎረቤቶቻችን አንዷ እናቴን ያጽናናቻትም በዚያችው ተረት ነበር፤ «ምን ይደረግ፣ ያልጠረጠረ ተመነጠረ።» እኛ ጠረጠርን፤ የተመነጠረችው እርሷ ናት።

እናቴ ጉትቻዋን መዳፏ ላይ አድርጋ ለረጅም ጊዜ አየቻት። ከዚያ ተነሥታ ወደ ጓዳ ገባች።

እኔ ከመምህሩ ጋር ብቻዬን ቀረሁ። ምን እንደምል ስለ ጠፋኝ፣ «መኪናዋን ባለችበት ሁኔታ ነው የገዟት፤ ጉትቻዋም የእርስዎ ነበረች እኮ» አልኳቸው።

«እኔ የገዛሁት መኪና ነው» አሉኝ።

«ስለ ጣውላው ዐውቅ ነበር» አልኩ።

«ዐውቃለሁ። ልጄ ያን ቀን ከኋላ ስትቀመጥ ፊትህን አይቼዋለሁ።»

«ታዲያ ለምን አልጠየቁኝም?»

ትንሽ አሰቡ። «የሚነገር ነገር ቢኖር ይነግረኝ ነበር ብዬ ተውኩት» አሉ።

በወሩ መጨረሻ 6,000 ብሩን ይዤ ቤታቸው ሄድኩ። አልተግደረደሩም፤ ተቀብለው ቆጠሩትና «እግዜር ይስጥልኝ» አሉኝ። ይህንንም ወደድኩላቸው። አልቀበልም ቢሉኝ ኖሮ ዕዳዬን ምስጋና አድርገውብኝ ይቀሩ ነበር። ሆኖም ልጅቱ በዚያ በኩል የተቀመጠችባቸውን ሦስት ሳምንታት በምን ቆጥሬ እመልሳቸዋለሁ?

እናቴ ያችን ልጅ ለማግኘት ብዙ ጠየቀች። ያመጣት ደላላ ሰፈሩን ከለቀቀ ቆይቷል፤ የሀገሯንም ስም በትክክል የያዘው የለም። ጉትቻዋ ዛሬም በመሳቢያው ውስጥ፣ በዚያው ወረቀት እንደ ተጠቀለለች አለች። እህቴም አላደረገቻትም።

ብዙ ጊዜ ስለዚያ ውል አስባለሁ። ገዥ የሚላት ቃል አለችው፤ አይቻለሁ፣ ወድጃለሁ፣ ባለበት ሁኔታ ተቀብያለሁ። ሻጭም ቃል አለው፤ ዋጋውን ተቀብያለሁ፣ ዕዳና እገዳ የለበትም፣ ስም አዛውራለሁ። አንዲት ቃል ግን ከሻጭ ወገን ጎድላለች፤ ማንም ጸሐፊ ሲጽፋት አላየሁም። «ስለዚህ መኪና የማውቀውን ሁሉ ለገዥው ነግሬ ሸጫለሁ።» ብትጻፍ አንድ መሥመር ብትፈጅ ነው። ያን ቀን ከፊርማዬ በላይ ተጽፋ ብትመጣብኝ ኖሮ ብዕሩን አንሥቼ እፈርም ነበር ወይስ መምህሩን ወደ ውጭ ጠርቼ ምንጣፉን እገልጥላቸው ነበር? እውነቱን ለመናገር፣ ብዕሩን አስቀምጬ የምወጣ ይመስለኛል። ያልተጠየቅሁትን ዝም ማለት የቻልኩ ሰው፣ ተጠይቄ ለመዋሸት ግን አልደፍርም ነበር። ለካ የጎደለኝ ሐቅ ሳይሆን የሚጠይቀኝ ሰው ነበር፤ መምህሩ ደግሞ ያልጠየቁኝ ስላመኑኝ ነው።